የቤተ መዘክር ሠራተኛ በዲግሪ ይዘጋጃልን? ስለ ሃርቫርዱ ትምህርት አጭር ትችት

ለቤተ መዘክር ሥራ የሚያበቃው ከፍተኛ ዲግሪ ነው ወይስ በዕቃው መካከል ውሎ ማደር? ይህ ክርክር በተማሪዎች ዘንድ ደጋግሞ ይነሣል። በደፈናው ከመከራከር አንድ ምሳሌ መመርመር ይሻላል ብለን፣ በአሜሪካ በሃርቫርድ ዩኒቨርስቲ እ.ኤ.አ. ከ1921 እስከ 1948 ፖል ሳክስ ያስተማረውን የቤተ መዘክር ትምህርት መርጠናል።

ሳክስ በመነሻው የባንክ ሰው ነበር። ጎልድማን ሳክስ የተባለውን የቤተሰቡን ባንክ ትቶ እ.ኤ.አ. በ1915 የፎግ ቤተ መዘክር ምክትል ዲሬክተር ሆነ። ተማሪዎቹን የሚያስተምረው በዚያው በፎግና በገዛ መኖሪያ ቤቱ፣ በሰበሰባቸው ሥዕሎች መካከል አስቀምጦ ነው። ተማሪዎቹ ዕቃውን በእጃቸው ያነሡታል፣ ያገላብጡታል፣ ይመዘግቡታል፤ ትርኢትም ያሰናዳሉ። የቤተ መዘክሩ ዲሬክተር ኤድዋርድ ፎርብስ የሚሰጠው ትምህርት ደግሞ ከዚህም የባሰ እጅ የሚያቆሽሽ ነበር። ተማሪው የጥንቱ የኢጣልያ ሥዕል እንዴት እንደ ተሠራ ለማወቅ ጄሶ በሙጫ አቡክቶ ሳንቃ ይለስናል፣ ቀለሙንም በእንቁላል አስኳል ይለውሳል። የተሰነጠቀ ሥዕል ሲያጋጥመው ሕመሙ ከቀለሙ ይሁን ከልስኑ ወይም ከእንጨቱ ለመለየት የሚችለው እንዲህ ያለ ሰው ነው። (በአገራችንም በጣውላ ላይ ከተሣሉት የቆዩ ሥዕሎች ብዙዎቹ ከቀለሙ ሥር ነጭ ልስን ስላላቸው ነገሩ ለእኛ ባዕድ አይደለም።)

ፍሬውም ታይቷል። አልፍሬድ ባር በ1929 በኒውዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር የመጀመሪያው ዲሬክተር ሲሆን ዕድሜው 27 ዓመት ብቻ ነበር። ጄምስ ሮሪመርም ከ1955 እስከ 1966 የሜትሮፖሊታንን ቤተ መዘክር መርቷል።

ይህን ሁሉ ካመሰገንን በኋላ ግን አንድ ጉድለት ሳንጠቅስ ማለፍ አንችልም። የሳክስ ትምህርት ዓይንን ያሠለጥናል እንጂ መጠየቅን አያስተምርም። በዚያ ያሉት ዕቃዎች ከነጋዴና ከባለጸጋ እጅ የመጡ ምርጥ ሥራዎች ስለሆኑ ዋናው ጥያቄ ሠሪው ማን ነው፣ እውነተኛ ነው ወይስ የተመሳሰለ የሚለው ነው። ለአንድ መሶብ ግን ይህ አይበቃውም። ማን ሰፋችው? ለሠርግ ነው ወይስ ለዕለት? በአገሯስ ስሙ ማን ይባላል? ይህን የቱንም ያህል የሠለጠነ ዓይን አያነበውም፤ ባለቤቲቱ ካልተጠየቀች ከእርሷ ጋራ ይቀራል።

በእ.ኤ.አ. 1950ዎቹ በአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ኮሌጅ የኢትኖሎጂ ማኅበር ያቋቋሙት ተማሪዎች የየአገራቸውን ልማድ ሽማግሌ እየጠየቁ ሲጽፉ የቤተ መዘክር ዲግሪ አልነበራቸውም። ቋንቋውን ግን ያውቁ ነበር። በእኔ አስተያየት ለቤተ መዘክር ሥራ የሚያስብ ተመራቂ ከሁሉ አስቀድሞ የአንድ ሕዝብ ቋንቋና ታሪክ ላይ ከፍተኛ ትምህርት ቢቀጥል ይሻላል። ብራናን ከብልና ከእርጥበት መጠበቅን፣ አመዘጋገብንና የትርኢት አሰናዳድን ደግሞ በዕቃ ማከማቻው ውስጥ፣ ከሚያውቅ ሰው ሥር ሆኖ ይማር። ይህ አሳብ ቤተ መዘክርን ራሱን የቻለ የጥናት ክፍል ላደረጉት፣ እንደ ሌስተር ዩኒቨርስቲ (ከ1966 ጀምሮ) ላሉት፣ ደስ ላያሰኝ ይችላል።

እንዲህ ለማለት ያደፋፈረኝ በአንድ ማከማቻ ያየሁት የቀንድ ዋንጫ ነው። መዝጋቢው የተማረ ሰው ነበርና ቁመቱ በሚሊሜትር፣ ቁጥሩም በቀይ ቀለም በጥንቃቄ ተጽፏል። በመጣበት ቦታ አንጻር ግን «ደቡብ» ከሚል በቀር ምንም የለም። የትኛው ደቡብ? ዕቃውን ጭኖ ያመጣው ሹፌር እዚያው ግቢ ውስጥ ይሠራ ስለነበረ ሄጄ ጠየቅሁት። መንደሩን፣ የሰጡትን ሰው ስም፣ በዋንጫው ጠላ ሳይሆን ጠጅ ይጠጡበት እንደነበረ ጭምር ነገረኝ። ከዚያ በፊት የጠየቀው ሰው እንዳልነበረም አጫወተኝ። በካርዱ ጀርባ በእርሳስ ጻፍሁት፤ ለዚህ የሚሆን መስመር በፊቱ በኩል አልነበረም።