«ማስተር ያውቃል»

ልጄን ቴኳንዶ ካስመዘገብኳት ወዲህ ቅዳሜ ጠዋት የኔ መሆኑ ቀርቷል። ድሮ እስከ ሦስት ሰዓት እተኛ ነበር። አሁን ገና አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አዳራሹ ጥግ ካለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ከሌሎች ወላጆች ጋር ተደርድሬ እገኛለሁ። ከፊታችን ነጭ ቀበቶ የታጠቁ ሃያ ምናምን ጀማሪዎች ይሰለፋሉ። ትንሹ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ዶቦኩ ሰፍቶት ቅዳሴ የሚገባ ዲያቆን መስሏል። ትልቁ አሥራ ሦስት ቢሆነው ነው።

አሰልጣኙን ሁላችንም «ማስተር» ነው የምንለው። ስሙን የሚያውቅ ወላጅ ያለ አይመስለኝም። በዕድሜ እንኳ እኔ ሳልበልጠው አልቀርም፤ ግን በር ላይ ሳገኘው ወገቤን ሰበር አድርጌ ነው ሰላም የምለው።

የመጀመሪያውን ቀን ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። ልጆቹ አንድ ላይ ሲጮሁ የአዳራሹ መስኮት ይንቀጠቀጣል። ልጄ ቤት ስትገባ ጫማዋን አውልቃ በሥርዓት ደረደረች። በአሥራ አንድ ዓመት ዕድሜዋ እንዲህ ያለ ነገር አድርጋ አታውቅም። «ይሄ ሰውዬ ተአምረኛ ነው እንዴ?» አልኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ግን ማስተር ለልጆቹ ቅጽል ስም እንደሚያወጣ ልብ አልኩ። አንዷ «ኤሊ» ናት፤ አንዱ «መስቀያ»። ወፈር ያለ ልጅ አለ፤ እሱን «ድፎ» ይለዋል። «ድፎ! ተነስ እንጂ፣ ገና አልቦካህም እንዴ?» ሲል አዳራሹ በሳቅ ይሞላል። ልጆቹ ይስቃሉ፣ ወላጆች ይስቃሉ፣ ልጁም ራሱ ይስቃል። ይስቃል ስላችሁ፣ ጥርሱን ያሳያል ማለቴ ነው።

እኔም ሳቅሁ።

በሦስተኛው ሳምንት እግር መክፈት ተጀመረ። ልጆቹ ወለሉ ላይ እግራቸውን ግራና ቀኝ ዘርግተው ይቀመጣሉ፤ ማስተር ከኋላ ይመጣና ትከሻቸውን ይዞ ቁልቁል ይጫናል። የጮኸ ልጅ በታጠፈ ቀበቶ ባቱን ቸብ ይደረጋል። ድፎ ጋ ሲደርስ በእጅ መጫኑ አልበቃውም፤ ጀርባው ላይ ተቀመጠበት። ልጁ መጀመሪያ ጮኸ፣ ኋላ ዝም አለ። እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ የቀረው ጩኸቱ አይደለም፣ ዝምታው ነው።

አጠገቤ ወደነበሩት እናት ዞር ብዬ «አልበዛም ግን?» አልኳቸው።

«ኧረ ማስተር ያውቃል! እኔ ልጄን ሳስረክበው ዓይኑን ብቻ አደራ ነው ያልኩት» አሉኝ እየሳቁ።

እሺ፣ ማስተር ምን ያውቃል? የልጅ አጥንት ጫፉ አካባቢ ገና ያልጠና፣ እንደ ጆሮ የሚለመጥ ክፍል አለው፤ አጥንቱ የሚያድገው በእሱ በኩል ነው። ጅማቱ ደግሞ ከዚያ ክፍል ይጠነክራል። ስለዚህ በኃይል ሲጎተት ጅማቱ ችሎ አጥንቱ ሊለቅ ይችላል፤ በአፍላ ዕድሜ ላይ ያሉ ልጆች ከዳሌያቸው ቁራጭ አጥንት ተገንጥሎ ሐኪም ቤት የሚሄዱበት ጊዜ አለ። ደግሞ ጡንቻ በድንገት ሲወጠር ራሱን ለመከላከል ይኮማተራል። ሰውዬው በተጫነ ቁጥር የልጁ ሰውነት እምቢ እያለው ነው ማለት ነው። እግር የሚከፈተው በወራት ትዕግሥት ነው። ይህን ለማወቅ ጥቁር ቀበቶ አያስፈልግም።

ቴኳንዶው ራሱ የሚለው ሌላ ነው። ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ እ.ኤ.አ. በ1966 ባቋቋሙት ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ሥርዓት የሚሠለጥን ሁሉ አምስት መርሆዎች ያጠናል፤ ጨዋነት፣ ሐቀኝነት፣ ጽናት፣ ራስን መግዛትና የማይበገር መንፈስ። የኛም አዳራሽ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ተጽፈዋል። ድፎ የተጨፈለቀው ልክ «ራስን መግዛት» ከሚለው ሥር ነበር፤ ሙት ስላችሁ።

የኛ ብቻ ጉድ እንዳይመስላችሁ። እንግሊዝ ውስጥ አን ዋይት የተባሉ የሕግ ባለሙያ የጂምናስቲክ ስፖርታቸውን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2022 ሪፖርት አውጥተዋል። ከ400 በላይ ሰዎች ቃላቸውን ሰጡ። ልጅን በኃይል ማሳሳቡ፣ በክብደቱ ማሸማቀቁ፣ ሁሉም እዚያ አለ። ልዩነቱ፣ እዚያ አንዳንድ ክለቦች ወላጅን ከአዳራሹ ያርቁ ነበር። እኛ ግን ቁጭ ብለን እያየን ነው፤ ያውም ከፍለን።

ሕግ ከተነሳ፣ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ይናገራል። «ቴኳንዶ ቤት ትምህርት ቤት ነው ወይ?» የሚል ጠበቃ መቼም አይጠፋም። ይከራከር።

ልምምዱ ካለቀ በኋላ ፈራ ተባ እያልኩ ማስተርን አናገርኩት። ክፉ ሰው አይደለም። መክፈል ያቃታቸውን ልጆች በነጻ እንደሚያስተምር ሰምቻለሁ። ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ ባቱ ላይ ያለ ጠባሳ አሳየኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ የአስተማሪዬ ዱላ ነው። እኛ እንዲህ ሆነን ነው ለዚህ የበቃነው።»

«አብረውህ የጀመሩት ስንት ነበሩ?»

«ኧረ ብዙ! ከአርባ እንበልጥ ነበር።»

«ስንታችሁ ቀራችሁ?»

ትንሽ አሰበ። «እኔና አንድ ሌላ ልጅ።» ከዚያ ፊቱን አዞረና «ካልተስማማዎት ልጅዎን መውሰድ ይችላሉ» አለኝ።

ወደ ቤት ስንሄድ ልጄ እጄን ለቀቀች።

«አባዬ፣ የድፎን ስም ታውቃለህ?»

አላውቅም።

«አንተም እኮ ሳቅህ» አለችኝና ስሙን ነገረችኝ። ቆንጆ ስም ነው። እዚህ አልጽፈውም።

ልጄን «እናቋርጥ?» ብላት አሻፈረኝ አለች፤ ቢጫ ቀበቶዋ ሊደርስ ነዋ። ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜም ሄድን። እውነቱን ለመናገር ማስተር ማንም ላይ አልተቀመጠም። ቀበቶው ግን እጁ ላይ ነበር፤ «ኤሊ»ም ኤሊ እንደሆነች ናት። በሦስተኛው ረድፍ መሐል አንድ ክፍት ቦታ አየሁ። አጠገቤ ያሉትን እናት የልጁን ስም ጠርቼ «ዛሬ የት ቀረ?» አልኳቸው።

«ማን ነው እሱ?» አሉኝ ግንባራቸውን ቋጥረው። ቆየት ብለው ደግሞ፣ «እንዴ፣ ድፎን ነው?»