የልመና ቃልና የውል ቃል
(ስለ ተማሪዎች የአበል አቤቱታ አጭር ሒስ)

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው የምግብ አበሉ የዘገየበት ተማሪ ችግሩን የሚናገርበትን ቃል ነው። ስለ ችግሩ ብዙ ተብሏል፤ ስለ አነጋገሩ ግን የተባለው ጥቂት ነው። ሒስ ለግጥምና ለልብ ወለድ ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ ማመልከቻም ድርሰት ነውና ሊተች ይገባዋል።

በጎንደር ከተማ ለዚህ ነገር ጥንታዊ ምሳሌ አለ። በአቋቋም ትምህርቷ በታወቀችው በባእታና በሌሎቹም አድባራት ዙሪያ የቆሎ ተማሪ ለምዱን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ይለምናል። ከወገራ፣ ከዳባትና ከደባርቅ ደጋ የመጣው ልጅ የሚኖረው በዚሁ ነው፤ የተረፈውን ቁራሽም ድርቆሽ አድርጎ ለክፉ ቀን ያኖራል። ይህ ልመና ነውር የለበትም። ሰጪው በረከትን፣ ተቀባዩ ትሕትናን ያገኛል፤ ዕዳ ግን በማንም ላይ አይጻፍም።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነገር ከዚህ የተለየ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የወጪ መጋራት ደንብ ቁጥር 91፣ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፣ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን እንዲጋራ አዘዘ፤ ይህንንም ተመርቆ ከሚያገኘው ገቢ ይከፍላል። እንግዲህ በተለምዶ «ኖን ካፌ» የምንለው ተማሪ በየወሩ የሚቀበለው ገንዘብ ችሮታ ሳይሆን የፈረመበት ዕዳ ነው። የቀኑ የምግብ ሒሳብ ለብዙ ዓመታት 15 ብር፣ ኋላም 22 ብር ሆኖ ቆይቶ በ2017 ዓ.ም. ወደ 100 ብር ከፍ ማለቱ የኑሮው ውድነት የት እንደ ደረሰ ይመሰክራል። በእንዲህ ያለ ዘመን አበል አንድ ወር ሲዘገይ ተማሪው የሚጎድልበት ቀኑ ብቻ አይደለም፤ በእጁ የሚገባው ብር የሚገዛውም ያንሳል።

ከጥቂት ጊዜ በፊት በአንድ ግቢ አበላቸው የዘገየባቸው ተማሪዎች የጻፉት ማመልከቻ ነበር። እኛም ከፈራሚዎቹ ነበርንና ሒሱ በራሳችን ላይ ነው። ጽሑፉ ሁለት ገጽ ሲሆን፣ አብዛኛው ስለ ወላጆቻችን ድህነትና ስለ አለቆቻችን ርኅራኄ የሚያወሳ ነው። ስንት ተማሪ እንዳልተከፈለው፣ የየትኛው ወር እንደ ሆነ፣ ድምሩ ምን ያህል እንደሚደርስ፣ ውሉም ምን እንደሚል አልተጻፈም። እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር «ይደረግልን» በሚል ቃል ይዘጋል። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ የሚያነብ ሹም ሊመልስ የሚችለው ሐዘኔታን ወይም ተስፋን ብቻ ነው፤ እኛም ተስፋ ተሰጠን። ተስፋው ሲያልቅ ጩኸት ተከተለ። ልመናና ጩኸት የተራራቁ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ሁለቱም ሒሳብ አያቀርቡም።

ከሁሉ የከፋው ጉድለት ግን ሌላ ነው። በእነዚያ ወራት ያበላችን ከግቢው በር አጠገብ ሽሮ የምትሸጠው ሴት ነበረች። በደብተሯ ላይ ስማችንን እየጻፈች በዱቤ ሰጠችን፤ የጤፍና የዘይት ዋጋ ሲጨምርም ዕዳው በእርሷ ላይ ወደቀ። የቆሎ ተማሪው የሚያበላውን ሰው በጸሎቱ ያስባል። እኛ በሁለት ገጽ ማመልከቻ አንድ ጊዜ እንኳ አላነሣናትም።

ተማሪ ሁልጊዜ እንዲህ አልተናገረም። በ1953 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ታምሩ ፈይሳ «ደሀው ይናገራል» የተሰኘውን ግጥሙን በኮሌጅ ቀን አቀረበ። በዚያ ጊዜ የኮሌጁ ተማሪ አዳሪ ሆኖ በመንግሥት ወጪ ይመገብ ነበር፤ የግጥሙ ጉዳይ ግን ከግቢው ውጭ ያለው ደሀ ነበር። ርእሱ ራሱ ትምህርት ይሰጣል፤ ደሀው ይናገራል እንጂ ይለምናል አይልም።

ከአገራችን ውጭም የቤኒን ነገር ይጠቀሳል። በ1981 ዓ.ም. አጋማሽ በቤኒን ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ያልተከፈላቸው ተማሪዎች ትምህርት አቆሙ። ደመወዛቸው የቀረባቸው መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞችም እንደዚሁ ተነሡ፤ የመንግሥት ባንኮች ባዶ መሆናቸውም ለሕዝብ ተገለጠ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ብሔራዊ ጉባኤ ተጠርቶ አገሪቱ ወደ ብዙ ፓርቲዎች ሥርዓት ተሻገረች። እኛ ይህን የምንጠቅሰው መንግሥት ይለወጥ ለማለት አይደለም። የተማሪው ጥያቄ ኀይል ያገኘው የሌሎች ያልተከፈላቸው ሰዎች ጥያቄ ጭምር በሆነ ጊዜ መሆኑን ለማሳየት ነው።

ስለዚህ የሚቀጥለው ማመልከቻ አንድ ገጽ ይበቃዋል እንላለን። የተማሪው ቁጥር፣ ወሩ፣ ድምሩ፣ የውሉ አንቀጽ፣ እንዲሁም በዱቤ ያበሉን ሰዎች ያለባቸው ኪሣራ ይጻፍበት። የቆሎ ተማሪው ቃል በስፍራው የከበረ ነው። እኛ ግን ፈርመናልና በፈራሚ ቃል እንናገር። የተሳሳትነው ቢኖር ለመታረም ዝግጁ ነን።