ዜማ፥ አባትና ልጅ በዲማ

ዜማ የአባትንና የልጅን ፍቅር ያጠነክራል ሲባል ይሰማል። አሳቡ መልካም ነው፤ ሆኖም ማን እንደሚያዜምና ማን እንደሚሰማ ሳይመረምሩ መቀበል አይገባም። ለዚህ ምርመራ ዲማ ተስማሚ ቦታ ነው። በምሥራቅ ጎጃም የሚገኘው ዲማ ጊዮርጊስ በቅኔ ትምህርት ቤቱ የታወቀ ደብር ነው፤ ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ደብሮች አንዱ ነው። በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥም የታሪኩ ዋና ስፍራ ሆኗል።

በጎጃም ገጠር ድምፅ በቤተ ሰብ ውስጥ የተከፋፈለ ነው። እሹሩሩ የእናትና የአያት ድርሻ ነው። የአባት ድርሻ ፉከራና ቀረርቶ ነው፤ ይህንንም ልጅ ከሩቅ ሆኖ ያደንቀዋል እንጂ አይቀበለውም። የቤተ ክርስቲያን ዜማ ደግሞ የየኔታ ነው። ስለዚህ አባት ከልጁ ጋር በአንድነት የሚያሰማው ድምፅ በቤት ውስጥ እጅግ ጥቂት ነው።

የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ በዚህ በኩል ሲነበብ አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። ቦጋለ መብራቱና ሚስቱ ልጃቸውን በዛብህን ለእግዚአብሔር በብፅዓት ይሰጡታል፤ ልጁም በደብሩ ትምህርት ያድጋል። ፊታውራሪ መሸሻ በበኩላቸው የልጃቸውን የሰብለ ወንጌልን ትምህርት ለዚሁ ለበዛብህ ይተዋሉ። ደኻው አባትም ባለ ማዕረጉ አባትም ልጁን ለሌላ አሳልፎ ሰጥቷል። ደራሲው ይህን በግልጽ ባይወቅሱትም፥ የመጽሐፉ ኀዘን አንዱ ምንጭ ልጁን የሚሰማ አባት መጥፋቱ ነው ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም።

የኔታ የአባትን ቦታ የያዘው በምን ኃይል ነው? በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔውን ራሱ ይቆጥራል፤ ከዚያም ወደ መምህሩ ቀርቦ ይናገራል፤ መምህሩም ሰምቶ ያርመዋል። ደበሎ ለብሶ፥ ቁራሽ ለምኖ የሚኖር ልጅ በዚያች ሰዓት የሚያዳምጠው አዋቂ አለው። ቁጣውና አርጩሜው ሳይዘነጋ፥ የኔታን አባት ያደረገው ጆሮው ነው።

በካህናትና በደብተሮች ቤት አባት ልጁን ለዜማ የሚያበቃበት ሌላም ምክንያት ነበር። የደብር መሬት የያዘ ቤተ ሰብ በቅዳሴ ወይም በማኅሌት ማገልገል ነበረበት፤ የሚያገለግል ከሌለው ምትክ መፈለግ ግድ ይሆንበት ነበር። ልጅ የአባቱን ዜማ ሲወርስ የአባቱን ግዴታ ጭምር ይወርስ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በዐዋጅ የሕዝብ ንብረት ሲሆን ይህ ማሰሪያ ተፈታ። ከዚያ ወዲህ አባትንና ልጅን በማኅሌት ፊት ለፊት የሚያቆማቸው እምነትና ፍቅር እንጂ መሬት አይደለም። ትስስሩ በእርግጥ በዜማው ኖሮ እንደ ሆነ መፈተን የሚቻለውም አሁን ነው።

ከደብሩ ውጭ ያለውን ለማየት የቡሄን በዓል እንውሰድ። ጅራፍ ገምዶ ለልጁ የሚሰጥ አባት አለ። ማታ ልጆቹ ሆያ ሆዬ እያሉ ከደጅ ደጅ ይዞራሉ፤ አንዱ ያወጣል፥ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ አባወራው አዳምጦ ሙልሙል ይሰጣል፥ ይመረቃልም። ግሩም ልማድ ነው። ነገር ግን አባወራው የጎረቤቱን ልጆች ሲሰማ የራሱ ልጅ በሌላ ሰው ደጅ ያዜማል። በዓመት አንድ ቀን የተከፈተውም ጆሮ ለገዛ ልጁ አልደረሰም።

«አባት ቢያዜም ክብሩ ይቀንሳል፤ እንደ አዝማሪ ይቆጠራል» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ተስፋዬ ሣህሉ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ሲያወሩ ኖረዋል፤ ክብራቸው አልቀነሰም፤ እስከ ዕረፍታቸው እስከ 2009 ዓ.ም. ድረስ «አባባ» ተብለው ተጠርተዋል። ይህ መጠሪያ ለእርሳቸው ምስጋና ነው፤ ከልጁ ጋር ቁጭ ብሎ ለማያወራ አባት ግን ወቀሳ ሊሆን ይችላል። ደግሞም አባት አዝማሪ ይሁን የሚል የለም፤ ልጁ ሲያወጣ እርሱ ቢቀበል ይበቃል። ተቀባይ ለመሆን መልካም ድምፅ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የልጁን ቃል እስከ መጨረሻው መስማት ነው።

ስለዚህ በዲማና በአካባቢው የሕዝብ ዜማ የሚሰበስብ ተማሪ ግጥሙን ብቻ መዝግቦ አይመለስ። ማን እንዳወጣው፥ ማን እንደ ተቀበለው፥ አባትም በዚያ ሰዓት የት እንደ ነበረ ይጻፍ። በተቀባዮቹ መካከል አባት ከተገኘ ዜማው ያጠነከረው ፍቅር አለ ለማለት ማስረጃ ይኖረናል፤ ካልተገኘ ግን ዜማን ከማመስገናችን በፊት ስለ አባት ዝምታ መጠየቅ ይገባናል።