እፉኝት እና የወጣላት ስም

ሰው ሲከፋብን «የእፉኝት ልጅ» እንለዋለን። የእፉኝት ልጆች የእናታቸውን ሆድ ቀደው ይወጣሉ የሚለው ወግ ጥንታዊ ነው፤ ወደ ግእዝ በተተረጎመው «ፊሳልጎስ» ውስጥም ይገኛል። እውነቱ ግን ልጆቹን ነጻ ያወጣል፤ አብዛኞቹ እፉኝቶች እንቁላል አይጥሉም፣ ልጆቻቸውን በሰላም ይወልዳሉ።

እኔ የማደንቀው የእፉኝትን ትዕግሥት ነው። በአፍሪካ በሰፊው የተሠራጨችው ወፍራም እፉኝት አይጥ አታሳድድም፤ የደረቀ ቅጠልና አፈር መስላ ተኝታ ትጠብቃለች። ሽታዋን እንኳ የሠለጠነ ውሻ ለይቶ ማግኘት ይቸግረዋል። ረጃጅም ጥርሶቿ እንደ ሰንጢ ታጥፈው ላንቃዋ ሥር ይቀመጣሉ፤ ስትነድፍ ይዘረጋሉ። ስጋት ሲገባት ግን ብዙ ጊዜ ገላዋን ነፍታ «እስስ» ትላለች፤ «እለፈኝ» ማለቷ ነው።

ድምፁን ያልሰማ ወዮለት! መርዟ ሥጋን ያበሰብሳል። ከጎንደር ደጋ ወደ መተማና አብደራፊ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ የእባብን አደጋ ያውቃል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2017 እ.ኤ.አ. የእባብ ንድፊያን ችላ ከተባሉ የቆላ በሽታዎች ተርታ አስገብቶታል። የተነደፈ ሰው ቁስሉን ሳይበጣና ሳይመጥ ፈጥኖ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

መርዝም መድኃኒት ይሆናል፤ ካፕቶፕሪል የተባለው የደም ግፊት ኪኒን የተገኘው የብራዚል እፉኝት መርዝ በሰጠው ፍንጭ ነው። ስሟን ለስድብ ስናውል፣ ዘመዷ የስንቱን ልብ እንደጠበቀች እናስታውስ።