አሥር ኢንች

እንግዳ ተቀብሎ ዳላስን የማስጎብኘት ዕዳ የወደቀበት ኢትዮጵያዊ ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚደርሰው ዲሊ ፕላዛ ነው። እኔም ከአዲስ አበባና ከዋሺንግተን ለሚመጡ ዘመዶቼ ይህን አገልግሎት ስሰጥ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ እ.ኤ.አ. ኅዳር 22 ቀን 1963 በተመቱበት በኤልም ጎዳና ላይ፣ አስፋልቱ መካከል፣ በነጭ ቀለም የተቀባ የኤክስ ምልክት አለ። ጎብኚው የትራፊክ መብራት መኪናዎቹን እስኪያቆምለት ይጠብቅና ሮጦ ምልክቱ ላይ ይቆማል፤ ፎቶግራፍ ይነሣና ሮጦ ይመለሳል። አብዛኛው ፈገግ ይላል። ሰው በሞተበት ቦታ ቆሞ ፈገግ ማለት ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ለራሴም አስረድቼ አልጨረስኩም።

ይህን ቦታ ያለ ምክንያት አላነሣሁትም። ባለፈው ዓመት በዳላስና በፎርት ወርዝ አካባቢ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ የአገራችን ልጆች ተሰባስበው የጥላሁን ግዛውን አሟሟት በቪዲዮ መልሰው ለመሥራት ተነሡ። ሥራው አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ የሚፈጅ ሲሆን ጋርላንድ ውስጥ በተከራዩት አዳራሽ ለወላጆችና ለወዳጆች ታይቷል። ሂስ ልጽፍበት ብዕሬን ሳነሣ አስቀድሜ መናዘዝ የሚገባኝ ነገር አለ፤ በጥፋቱ ውስጥ የእኔም እጅ አለበት።

ታሪኩን አብዛኛው አንባቢ ያውቀዋል። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው ጥላሁን ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ምሽት ላይ ከስድስት ኪሎ ግቢ ብዙም ሳይርቅ በጥይት ተመታ። በማግሥቱ ተማሪዎች አስከሬኑን ይዘው ግቢ ውስጥ ተሰበሰቡ፤ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ገብተው ተኮሱባቸው። የሞቱት ቁጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል። ከስድስት ዓመት በፊት ለኬኔዲ ቀብር ወደ ዋሺንግተን ሄደው፣ ከሳጥኑ ኋላ ከነጄኔራል ደ ጎል ጋር በእግራቸው የተጓዙት ንጉሠ ነገሥት፣ የክብር ዘበኛው በተኮሰበት በዚያ ቀንም ዙፋኑ ላይ የነበሩት እርሳቸው ናቸው። እኔ የተወለድኩት በዚያው በ1962 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ስለዚያች ምሽት የማውቀው ልጆቹ ከሚያውቁት አይበልጥም፤ ሁላችንም የሰማነውን ነው የያዝነው።

ከሥራቸው የወደድኩትን ላስቀድም። ተማሪዎቹ በማደሪያ ክፍላቸው በራሪ ወረቀት የሚያባዙበት ትዕይንት አለ። የማባዣውን መሣሪያ ከየት ያምጡት? ከአንዲት እናት ኩሽና የፓስታ መዳመጫ ተውሰው፣ ጥቁር ቀለም ቀብተው፣ እጀታውን ያዞሩታል። የሚያዞረው ወጣት በስልክ ዘመን ያደገ ነውና እጁ ይደናገራል፤ ወረቀቱ ይጣመምበታል፤ ጓደኛው ሳትዘጋጅበት ትስቃለች። ይህን ሳቅ ቆርጠው አልጣሉትም። በአሥራ ዘጠኙ ደቂቃ ውስጥ ከዚህ ይበልጥ እውነተኛ ነገር አላየሁም። አማርኛቸው አልፎ አልፎ ይንገዳገዳል፤ እኔን ግን አላስከፋኝም።

ችግሩ የሚጀምረው ጥይቱ ሲተኮስ ነው። አዘጋጇ፣ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ፣ ቀረጻው ሳይጀመር ቤቴ መጥታ «ዶክተር፣ በጥይት የተመታ ሰው እንዴት ነው የሚወድቀው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ሳሎን ምንጣፍ ላይ ወድቄ አሳየኋት። ጉልበቱ መጀመሪያ እንደሚከዳው፣ እጁ ወዴት እንደሚሄድ፣ ትንፋሹ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ሁሉ ተናገርኩ። ባለቤቴ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቆየት ብላ ዝም አለች። ያለ ምርመራ ውጤት ለጉንፋን እንኳ መድኃኒት የማላዝ ሐኪም፣ ጥይቱ በየት በኩል እንደገባ፣ ከምን ያህል ርቀት እንደተተኮሰ የሚገልጽ አንዲት ወረቀት በእጄ ሳይኖር ለአንድ ሰው ሞት ልክና መልክ ሰጠሁት። ልጆቹ ያልኳቸውን በታማኝነት ፈጸሙ። ትዕይንቱ እጅግ ያማረ ነው። የሚያሳፍረኝም ማማሩ ነው።

ፊልሙ ሲያልቅ አዳራሹ አጨበጨበ። ከዚያ በ1962 ዓ.ም. የሁለተኛ ዓመት ተማሪ የነበሩ አንድ አዛውንት ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ» አሏት። «በማግሥቱ እዚያ ግቢ ውስጥ ነበርኩ። ግን ይሄ እኔ የነበርኩበት አይደለም።»

«ጋሼ፣ ታዲያ እንዴት ነበር?»

ብዙ ዝም አሉ። «አንድ ጫማዬ ጠፍቶብኝ ነበር» አሉና ተቀመጡ።

በኋላ እንደተረዳሁት ልጆቹ ሦስት ሽማግሌዎችን አነጋግረው ስድስት ሰዓት ያህል ቀርጸው ነበር። አንደኛው ወታደሮቹ በፊት ለፊቱ በር ገቡ ይላሉ፤ ሁለተኛው የለም በኋላ በኩል ነው ብለው ይምላሉ፤ ሦስተኛው ሩጫውን እንጂ በሩን አያስታውሱም። «ስለማይገጥም ተውነው» አለችኝ አዘጋጇ። የምስክሮቹን ቃል ትተው የእኔን ምንጣፍ ወሰዱ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ወደ ዲሊ ፕላዛ ልመለስ፤ ያ ግድያ በዚያው ቦታ ደጋግሞ በትዕይንት ተሠርቷልና። እ.ኤ.አ. በ1975 ክረምት አንት ፋርምና ቲ. አር. ዩትኮ የተባሉ ሁለት የካሊፎርኒያ የሠዓሊያን ቡድኖች ወደ ዳላስ መጥተው ግድያውን በቪዲዮ ደገሙት። ከሠዓሊዎቹ አንዱ ፕሬዚዳንቱን፣ ሌላው ወንድ ደግሞ ባለቤታቸውን ሆነው በክፍት መኪና ተቀምጠው ኤልም ጎዳናን ተመላለሱበት። ሥራው «ዘ ኢተርናል ፍሬም» ይባላል። በአጋጣሚ የተገኙ ጎብኚዎች ቆመው ተመለከቱ፤ ፎቶግራፍ አነሡ፤ ያለቀሰም ነበር። ብዙ ሰው እንደ ቀልድ ያየዋል፤ እኔ ግን ሐቀኛ ሥራ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የደገሙት ግድያውን ሳይሆን አብርሃም ዛፕሩደር የተባለ ነጋዴ በ8 ሚሊሜትር ካሜራ ያነሣውን የ26 ሴኮንድ ፊልም መሆኑን አልሸሸጉም። ፕሬዚዳንቱን የሚጫወተው ሰው ራሱ ከምስል በቀር ምንም አለመሆኑን እዚያው ፊልም ውስጥ ይናገራል።

ከሠዓሊዎቹ በፊት ደግሞ መንግሥት ራሱ ደግሞታል። የዋረን ኮሚሽን በሚያጣራበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ግንቦት 24 ቀን 1964፣ የኤፍ.ቢ.አይ. ሰዎች መኪና አምጥተው፣ በፕሬዚዳንቱና በአገረ ገዢው ቦታ ተተኪ ሰዎችን አስቀምጠው፣ ተተኪው ጀርባ ላይ የቁስሉን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርገው ለኩ። የፕሬዚዳንቱ መኪና ግን አልተገኘም ነበር፤ የጠባቂዎቹን ተከታይ መኪና ተጠቀሙ። በዚህ ምክንያት ተተኪው ሰው ፕሬዚዳንቱ ከተቀመጡበት አሥር ኢንች ከፍ ብሎ ተቀመጠ። ኮሚሽኑ ይህችን አሥር ኢንች ለክቶ፣ በሪፖርቱ ውስጥ ጽፎ፣ ስሌቱን በእርሷ አስተካከለ። በመደምደሚያው የማይስማሙ እልፍ ናቸው፤ እኔ ወደዚያ ክርክር አልገባም። የያዝኩት አሥሯን ኢንች ነው።

የሙያ ባልደረቦቼም ከዚህ አያመልጡም። ኬኔዲን በፓርክላንድ ሆስፒታል የተቀበሉት ሐኪሞች በቀን ብርሃን፣ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በሠለጠነ ዓይን ነው ያዩዋቸው። ሆኖም የአንገቱ ቁስል የጥይት መግቢያ ይምሰል መውጫ በሚለው ላይ የተነሣው ክርክር ስድሳ ዓመት አልፎትም አልበረደም። ዛፕሩደር ፊልም ያነሣለት፣ ሐኪሞች የከበቡት ሞት እንዲህ ካከራከረ፣ በታኅሣሥ ጨለማ የሆነውን ማን ነው ያለ ስህተት የሚያሳየን? የእኛ ልጆች የሚደግሙት ፊልም የላቸውም። ያላቸው ሦስት ሽማግሌ ነው። አሥር ኢንቻቸውም የሽማግሌዎቹ አለመገጣጠም ነበር፤ እርሱን ቆርጠው ጣሉት።

ኃይለ ገሪማ በ2008 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው «ጤዛ» ስለዚያው ትውልድ ሲተርክ የዶክተር አንበርብርን ትዝታ ቀጥ አድርጎ አላሰለፈውም፤ እንደተሰባበረ ነው ያቀረበው። ፊልሙን አይተው «አልገባኝም» ብለው የወጡ ወዳጆች አሉኝ። እኔም ተምሬ የመጣሁ ሐኪም ነኝና አንበርብር ሲያልበው ያልበኛል።

ይህን ያህል የምቆረቆርበት ሌላም ምክንያት አለኝ። አባቴ በኦጋዴን ጦርነት ሞተ። በ1971 ዓ.ም.፣ በዘጠኝ ዓመቴ፣ እንደኔ ወላጆቻቸውን ካጡ ልጆች ጋር ወደ ኩባ፣ የወጣቶች ደሴት ወደምትባለው ተላክሁ። ሕክምናንም የተማርኩት እዚያው አገር ነው። በየዓመቱ የካራማራን ድል በእንጨት ጠመንጃ እየተኮስን በትዕይንት እናሳይ ነበር። አንድ ዓመት ልምምድ ላይ ሳለን አንድ ጓደኛችን እጁን አውጥቶ መምህሩን «ማን ነው የሚሞተው?» ሲል ጠየቀ። መምህሩም «በዚህ ትዕይንት ከእኛ ወገን የሚሞት የለም» አሉት። መድረኩ ላይ የነበርነው ሁላችንም አባት የሞተብን ነበርን። ባንዲራውን ተክለን ዘመርን፤ ተጨበጨበልን።

ስለዚህ አዘጋጇን ጠርቼ ሳሎን ውስጥ ያሳየኋት ሁሉ ፈጠራ መሆኑን ነገርኳት። ተናደደች፤ መብቷም ነው። ሁለት ሳምንት ስልኬን አላነሣችም። ከዚያ ራሷ ደውላ ከአዛውንቱ ጋር ቀጠሮ እንድይዝላት ጠየቀችኝ።

አሁን ያለው ሁለተኛው ቅጂ ሃያ ስድስት ደቂቃ ይፈጃል። አወዳደቄ ወጥቷል፤ የፓስታ መዳመጫው አለ። በመጨረሻው ትዕይንት አዛውንቱ ከአዳራሹ ኋላ ባለው የመኪና ማቆሚያ፣ በዳላስ የነሐሴ ሙቀት፣ ኮፍያቸውን እንዳደረጉ ቆመዋል። ከቆሙበት እስከ አጥሩ የነበረውን ርቀት በእርምጃ እየለኩ ያሳያሉ። «አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት» ይሉና ይቆማሉ። «የለም፣ አጥሩ በዚህ በኩል ነበር» ብለው ይመለሳሉ፤ ከአንድ ጀምረው እንደገና ይቆጥራሉ። ልጅቱ ካሜራውን አላጠፋችም።