ከታች የሚቀረው ውኃ

በሐምሌ ከማዘጋጃ ቤቱ ተነስቶ ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል የሚወርድ ሰው ጎርፉን አጅቦ ነው የሚሄደው። ውኃው በሴባስቶፖል መድፍ አጠገብ አልፎ፣ ፖስታ ቤቱንና ብሔራዊ ቴአትርን ተከትሎ ወደ ለገሃር ይወርዳል። መንገዱ ቁልቁለት ስለሆነ ዝናቡ ካባራ ብዙም ሳይቆይ አስፋልቱ ጠፈፍ ይላል፤ ሊስትሮውም ሳጥኑን መልሶ ይዘረጋል። ከዋናው መንገድ ገባ ብለው በሚገኙት ግቢዎች ግን ውኃው መሄጃ የለውም። በአጥር ሥር፣ በመጸዳጃው ጎን፣ በእንጨት ክምሩ ግርጌ ተኝቶ ይከርማል። የውሻው ቤትም ብዙውን ጊዜ የሚሠራው እዚያው ነው። ሰው የማይፈልገው ጥግ ለውሻ ይሰጣልና።

እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ቦርሳዬንና የበረዶ ሳጥኔን ይዤ በአራዳና በፒያሳ ግቢ ለግቢ ስዞር ብዙ ክረምት አልፏል። ቢሾፍቱ ስማር ውሻን ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ በተራ መመርመርን ነው የተማርኩት። ዛሬም እንደዚያው እመረምራለሁ። ክረምት ከገባ ግን ከውሻው በፊት መኝታውን ነው የማየው። ጎንበስ ብዬ እጄን ወደ ውሻው ቤት እሰድና ጆንያውን ወይም ጭዱን እዳብሳለሁ። እርጥብ ከሆነ የበሽታውን ግማሽ አወቅሁት ማለት ነው።

ሰው ክረምትን የሚፈራው ከላይ ነው። ደንበኞቼ ሲደውሉልኝ «ዝናብ መትቶት ታመመ» ይሉኛል። በእጄ ካለፉት ውሾች ብዙዎቹ ግን ከላይ በወረደው ዝናብ አልታመሙም። ጤነኛ ውሻ ቢበሰብስ ተራግፎ፣ ሮጦ፣ ራሱን ልሶ ይደርቃል። ያሳመማቸው ከሥራቸው ሳይደርቅ የቀረው ውኃ ነው። አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው ከ1,100 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ወደ ግማሽ የሚጠጋው በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች የሌሊቱ ሙቀት ወደ 10 ዲግሪ ዝቅ ይላል። የውሻ የሰውነት ሙቀት ደግሞ ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ነው። እርጥብ ሲሚንቶ ላይ የተኛ ውሻ ሌሊቱን ሙሉ ያንን ሙቀት ለወለሉ ሲገብር ያድራል።

የታሰረ ውሻ ከሆነ ደግሞ ባሰ። ያልታሰረ ውሻ በክረምት የት እንደሚተኛ አይታችሁ ይሆናል፤ በረንዳ ላይ፣ የማድቤቱ ደፍ ላይ፣ ከምድጃ የወጣ አመድ ላይ። ደረቅ ቦታ የሚያውቀው እሱ ነው። በሰንሰለት ያለው ግን ሰንሰለቱ በደረሰበት ይተኛል፤ የሰንሰለቱ ልክ ኩሬ ከሆነ ኩሬ ውስጥ ያድራል። ስለዚህ ክረምት ላይ ለውሻዬ ምን መድኃኒት ልግዛ ከማለታችሁ በፊት ፍቱት እላለሁ። ቀን መፍታት ካልቻላችሁ ሌሊት፣ ሌሊት ካልቻላችሁ ቀን።

አንዲት እናት ግቢ ገብቼ የሚያስል ውሻ አየሁ። ጆንያው ሲጨመቅ ውኃ ይወጣው ነበር። «ልጄ፣ ፀጉር አለው እኮ፤ ምን ይበርደዋል?» አሉኝ።

«እማማ፣ ፀጉሩ ጋቢው ነው። እርስዎ የረጠበ ጋቢ ለብሰው ያድራሉ?»

ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ቤት አስገቢው እንዳትለኝ እንጂ የምትለውን አደርጋለሁ» አሉ።

በብዙ ቤት ውሻ ደፍ አይሻገርም። ከእምነትም ከልማድም የመጣ ነው። ሥራ ስጀምር በዚህ እከራከር ነበር፤ በክርክሩ የተጠቀመ አንድም ውሻ አላስታውስም። አሁን የምጠይቀው አራት ብሎኬትና አንድ አሮጌ ጣውላ ነው። ጣውላው ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ይበል፣ በሩ ነፋስና ወጨፎ ከሚመጣበት በተቃራኒው አቅጣጫ ይዙር፣ ጭዱ በየሁለት ሦስት ቀኑ ይለወጥ። ቆርቆሮ ጣሪያ ካለው ከቆርቆሮው ሥር ካርቶን ይጠፍጠፍ፤ በረዶ ሲዘንብ ድምፁ ውሻን ያሳብዳል። በሳምንቱ ተመልሼ ስሄድ የእማማ ውሻ ጣውላው ላይ ጥቅልል ብሎ ተኝቶ አገኘሁት። ያን ቀን የሰጠሁት መድኃኒት ከጣውላው ያነሰ ሥራ ነው የሠራው።

ቁንጫም ከዚሁ ከመኝታው ነው የሚመጣ። ቁንጫን ውሻው ላይ ብቻ የሚፈልግ ሰው ይሸነፋል። ቁንጫዋ እንቁላሏን ፀጉሩ ላይ ብትጥልም እንቁላሉ እየረገፈ ጆንያው ላይ፣ የወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። እጩም የሚያድገው እዚያው ነው። እጩ ድርቀት ይገድለዋል፣ እርጥበት ያፋፋዋል፤ ክረምት የሚመቸውም ለዚህ ነው። ውሻው ሲያክ ቆዳው ይቀደዳል፣ በቀደደው በኩል ደግሞ ቁስል የሚያመግል ጀርም ይገባል። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» የሚባለውን በዓይኔ የማየው የውሻ ቆዳ ላይ ነው። ውሻውን አክማችሁ ጆንያውን ካላቃጠላችሁ ወይም በፈላ ውኃ ካልቀቀላችሁ በሁለትና በሦስት ሳምንት ቁንጫው ይመለሳል።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምለምነው አንድ ነገር አለ። የተቃጠለ የመኪና ዘይትና ነጭ ጋዝ ውሻ ላይ አትቀቡ። ውሻ የተቀባውን ሁሉ ይልሳል። ለከብት የሚሸጠውን የመዥገር መድኃኒትም በግምት በጥብጣችሁ አታጥቡበት። እየለሃጨ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ መቆም አቅቶት የመጣልኝ ውሻ ብዙ ነው፤ ሁሉንም አላተረፍኩም። መድኃኒት በኪሎ ነው የሚለካ፤ ከቦርሳዬ ሚዛን የማይጠፋው ለዚህ ነው።

ከሁሉ የከበደኝ ግን የአይጥ ነገር ነው። የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ጭቃና እንጨት ነበሩ፤ ወለላቸው ሳንቃ፣ ከሳንቃው ሥር ባዶ። ዝናብ የአይጡን ጉድጓድ ሲሞላው አይጡ ወደ ሰው ይጠጋል። ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባለው በሽታ በአይጥ ሽንት ይወጣል፤ ጀርሙ በደረቅ መሬት ቶሎ ይሞታል፣ በረጋ ውኃና በጭቃ ግን ሳምንታት ይቆያል። ውሻው ከኩሬው ይጠጣል፣ ወይም በተሰነጠቀ መዳፉ ይገባበታል። ትኩሳት፣ ማስመለስ፣ ምግብ መተው፣ ከዚያ የዓይኑ ነጭና ድዱ ቢጫ ይሆናል። ከዓመታት በፊት አንድ ቡቺ የሚባል ውሻ እንዲህ ሆኖ ጠሩኝ። የተበላሸ ምግብ በልቶ ጉበቱ ታሟል ብዬ ለዚያው አከምኩት። የሚጠጣው ከየት እንደሆነ አልጠየቅኩም። በአራተኛው ቀን ሞተ። ስወጣ ከቤቱ ጀርባ ያለችውን ጉድጓድ አየኋት፤ በዳርዋ የአይጥ ዱካ ነበር። በጊዜ ታውቆ ቢሆን በአንቲባዮቲክ የሚታከም በሽታ ነው። መኝታ መዳበስንና የውኃ ሳህን ማየትን ልማድ ያደረግኩት ከዚያ ወዲህ ነው። በሽታው ወደ ሰውም ይተላለፋል፤ የታመመውን ውሻ ሽንት ያለ ጓንት አትንኩ። ክትባት አለው፣ በየዓመቱ ይደገማል።

አይጡን ለማጥፋት የሚቀመጠው መርዝም ራሱን የቻለ የክረምት በሽታ ሆኗል። ብዙው የአይጥ መርዝ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነው፤ ውሻው በልቶ ለሁለት ሦስት ቀን ደህና ይመስላል፣ ከዚያ ከድዱና ከአፍንጫው ይደማል። በላ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ምልክቱን አትጠብቁ። የመርዙን ማሸጊያ ይዛችሁ ያን ዕለት ኑ፤ ማከሚያው በማሸጊያው ላይ ባለው ስም ይለያያል።

ክረምታችን የጾምም ወራት ነው። የሰኔው ጾም፣ ቀጥሎም ፍልሰታ። ሥጋ ቤቱ ሲዘጋ የሰፈሩ ውሻ አጥንቱን ያጣና የቤቱን ትራፊ ይጠብቃል፤ ትራፊው ደግሞ ሽሮ ፍርፍር ነው። ሽሮውን አልቃወምም። የምቃወመው ሽንኩርቱን ነው። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራሉ፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲሆን ውሻው ድዱ እየነጣ፣ እየደከመ ይሄዳል። ወጡ ሽንኩርት ሳይገባበት ትንሽ ቅቅል ምስር ወይም ባቄላ በተለየ ድስት ይቀነስለት። እንቁላል ያልጠፋበት ቤት ደግሞ አንድ ቅቅል እንቁላል ይጨምርለት።

ጾሙ ሲፈታና እንቁጣጣሽና መስቀል ሲመጡ ችግሩ ይገለበጣል። በግ ታርዶ ሳንባውና ጉበቱ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ሲገኝበት «ይሄ ለውሻ» ተብሎ ይጣላል። ያ ከረጢት የኮሶ ዓይነት ትል እጭ ነው። ውሻው ሆድ ውስጥ ገብቶ ጥቂት ሚሊ ሜትር የሚሆን ትል ይሆንና እንቁላሉን በዓይነ ምድሩ ያወጣል፤ ሕፃን በቆሸሸ እጁ ሲውጠው በሰው ጉበት ውስጥ ያው ከረጢት ያድጋል። ጥሬውን አትጣሉለት። ግማሽ ሰዓት ይንተክተክ፣ አለዚያ ጥልቅ ጉድጓድ ይቆፈርለት።

ፍልሰታ ሳይፈታ ደግሞ ቡሄ አለ። ልጆቹ ሆያ ሆዬ ሲሉ ውሻው አይከፋውም። ጅራፍ ሲጮህ ግን የነጎድጓድ ያህል ይደነግጣል። ሰንሰለት በጥሶ፣ አጥር ዘሎ የሚጠፋ ውሻ የማየው በቡሄ ሰሞን ነው። በዚያ ሌሊት ቢያንስ መጋዘን ወይም ማድቤት ውስጥ ይደር።

ቡችላ ያለው ሰው የበለጠ ይጠንቀቅ። አዲስ የተወለደ ቡችላ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ሙቀቱን በራሱ መጠበቅ አይችልም። የሃይላንድ ፕላስቲክ ሙቅ ውኃ ሞልታችሁ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አጠገቡ አስቀምጡ። ቀዝቅዞ ያገኛችሁትን ቡችላ ግን መጀመሪያ አሙቁት እንጂ ወተት አታጠጡት፤ የቀዘቀዘ ሆድ ወተት አይፈጭም። ፓርቮ የሚባለው በደም የሚያስቀምጥ በሽታ ደግሞ ቡችላ የሞተበት መሬት ውስጥ ወራት ይቆያል። ሲሚንቶ ከሆነ ቆሻሻው ከታጠበ በኋላ አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውኃ ተበጥብጦ አሥር ደቂቃ ሲቆይበት ይሞታል። ጭቃ ላይ ግን በረኪና ጉልበቱን ያጣል። ስለዚህ ቡችላ የሞተበት ጭቃ ግቢ ውስጥ ክትባቱን ያልጨረሰ ሌላ ቡችላ አታምጡ። ክትባቱ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ዕድሜው ይጀምርና እስከ 16 ሳምንት በየሦስት አራት ሳምንቱ ይደገማል።

ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ካልተቀመጠ ውኃ ነው። መብራት በሚጠፋበት ክረምት ሣጥኔን በየጠዋቱ በአዲስ በረዶ የምሞላው ለዚህ ነው። እናንተም ክትባቱ ከየት እንደወጣ ጠይቁ፤ ከኪስ የወጣ ብልቃጥ ከሆነ አታስወጉ።

የእብድ ውሻ በሽታን ከሁሉ ለይቼ የምናገረው ከተማችን የቆየ ዕዳ ስላለባት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1903 በአዲስ አበባ የተነሳው ወረርሽኝ በታሪክ ተመዝግቧል። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ውሻ የነከሰው ሰው መሮጫው ጉለሌ ነበር። እዚያ ያለውን የዛሬውን የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የከተማው ሰው እስካሁን «ፓስተር» ይለዋል። በክረምት የሚለሃጭ ውሻ ሲታይ «አጥንት ተሰንቅሮበት ይሆናል» ብሎ እጁን አፉ ውስጥ የሚከት ሰው አለ። እባካችሁ አትክተቱ። ከነከሳችሁ ቁስሉን በሚወርድ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡና በቀጥታ ጤና ተቋም ሂዱ። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። ውሻው ግን ሦስት ወር ሲሞላው ተከትቦ፣ በዓመቱ ተደግሞለት ከዚህ ሁሉ ይድናል።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ሲነሱ ብዙዎቹ ደንበኞቼ ወደ ሌላ ሰፈር፣ ወደ ፎቅ ቤት ገቡ። ፎቅ ላይ ለውሻ የሚሆን ግቢ የለም። አንዳንዱ ውሻ ከባለቤቱ ጋር ሄደ፣ አንዳንዱ ቀረ። ያን ክረምት የቀሩትን ቤታቸው በነበረበት ቦታ ተኝተው አይቻቸዋለሁ፤ ጥቂቶቹን ከትቤያለሁ፣ ሁሉንም አልደረስኩባቸውም። ከመዛወራችሁ በፊት ለውሻችሁ ሰው ፈልጉለት። ብቻውን ከቀረ ክትባቱም፣ መኝታውም፣ የሚጠጣው ውኃም ጠያቂ የላቸውም።

አሁን ሐምሌ ነው። ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት መብራት ይዛችሁ ውጡና የውሻችሁን መኝታ በእጃችሁ ዳብሱት። እርጥብ ከሆነ ነገ አትበሉ።