ሽሮፑ ለየትኛው ሕፃን?

በባሕር ዳር መድኃኒት ቤቶች መደርደሪያ ላይ የሕፃናት ቫይታሚን ሽሮፕ ሰፊ ቦታ ይዞ ይታያል። ሽሮፑን ለመግዛት የሐኪም ማዘዣ እምብዛም አይጠየቅም፤ «ልጄ ምግብ እምቢ አለኝ» የሚለው የእናት ቃል ይበቃል። ማዘዣ ሲኖርም ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው የሕፃኑን አመጋገብ በዝርዝር ከመጠየቅ ጠርሙስ ማዘዝ ስለሚቀል ነው። በመሆኑም ነቀፌታው በቅድሚያ ሊያርፍ የሚገባው በእናቲቱ ሳይሆን በባለሙያው ላይ ነው።

«ሕፃናት ቫይታሚን ያስፈልጋቸዋልን?» ተብሎ በጅምላ ሲጠየቅ ጥያቄው ራሱ ያሳስታል። መልሱ እንደ ንጥረ ነገሩ ዓይነትና እንደ ሕፃኑ ኑሮ ይለያያልና።

ስለ ቫይታሚን ኤ ያለው ማስረጃ ጠንካራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመው የሶመርና የባልደረቦቹ የኢንዶኔዥያ ጥናት እንክብሉ ዳፍንትን ከመከላከል አልፎ የሕፃናትን ሞት እንደሚቀንስ አመለከተ። በሕንድ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕፃናትን ያካተተውና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ጥናት ጥቅሙን እጅግ አነስተኛ ሆኖ ቢያገኘውም፣ እጥረቱ በሰፋበት አገር እንክብሉን ለመተው የሚያስደፍር አልሆነም። በኢትዮጵያም ከ6 እስከ 11 ወር ላሉት 100 ሺህ፣ ከ12 እስከ 59 ወር ላሉት 200 ሺህ ዓለም አቀፍ ዩኒት በየስድስት ወሩ በነጻ እንዲሰጥ ተደንግጓል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንክብሉን ባለፉት 6 ወራት ያገኙት ሕፃናት 45 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል የተከሰተው ግጭትም አገልግሎቱን ይበልጥ አዳጋች አድርጎታል። እንግዲህ በከተማ የተሻለ የሚመገበው ሕፃን በወላጆቹ ገንዘብ ሽሮፕ ሲጠጣ፣ በነጻ የሚሰጠው እንክብል በደራ ወይም በደምቢያ ያለውን ሕፃን ሊያልፈው ይችላል።

የብረት ጉዳይ ግን ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። ከሽሮፖቹ አንዳንዶቹ ብረት አላቸው፤ የጣና ዳርቻ ደግሞ ወባ ያለበት ነው። በታንዛኒያ ፔምባ ደሴት የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ጥናት ወባ በበዛበት ስፍራ ብረትና ፎሊክ አሲድ ለሁሉም ሕፃናት በጅምላ መስጠት ለሆስፒታል የሚያበቃ ሕመምንና ሞትን በ12 በመቶ እንደጨመረ አሳይቷል። ይህ ሲባል ደም ማነስ ያለበት ሕፃን ብረት ይከልከል ማለት አይደለም፤ ወባን ከመከላከልና ከማከም ጋር ተጣምሮ ይሰጥ ማለት ነው።

ዚንክም ቢሆን ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን ከሕይወት አድን ንጥረ ነገር ጋር ከ10 እስከ 14 ቀን የሚሰጥ ሕክምና እንጂ ማወፈሪያ አይደለም።

ስለ ቫይታሚን ዲ ደግሞ የሉሉ ሙሄና የባልደረቦቹ የአዲስ አበባ ጥናት ሊዘነጋ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1997 በላንሴት የታተመው ይህ ጥናት የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት በ210ዎቹ ላይ ሪኬትስ ሲያገኝ፣ ለማነጻጸሪያ ከተወሰዱት 500 ሕፃናት ግን በ20ዎቹ ላይ ብቻ አግኝቷል። ፀሐይ በማይጎድልባት ባሕር ዳርም ምችንና ቡዳን በመፍራት ተጠቅልሎ ጓዳ የሚውል ጨቅላ አይታጣም። ለዚህ ሕፃን የጠዋት ፀሐይ ይቀድማል፤ ይህ በማይቻልበት ግን የቫይታሚን ዲ ጠብታ በእርግጥም ያስፈልገዋል።

ከሁሉ የከፋው ግን ሽሮፑ የመቀንጨር መፍትሔ መስሎ መታየቱ ነው። በዚያው በ2016ቱ ጥናት በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 46 በመቶ የሚሆኑት የቀነጨሩ ነበሩ። ሽሮፑ ፕሮቲንም ቅባትም አይሰጥም። ሐይቁ ቆሮሶና አምባዛ፣ ጓሮው ጎመንና ዱባ፣ ዘጌ ማንጎ ይሰጣሉ፤ ነገር ግን ዓሣው ለከተማ ገበያ፣ እንቁላሉም ለጨውና ለዘይት መግዣ ይወጣል። በጾም ወራትም ሕፃኑ ከጾም ነጻ ቢሆንም ድስቱ ይጾማል፤ ዕቃ እንዳይነካካ ሲባል ለእርሱ ተለይቶ እንቁላል መቀቀል ይቀራል። ለሕፃኑ ብቻ የሚሆን ትንሽ ድስት እንዲለይ መምከር ግን በማዘዣ ወረቀት ላይ የሚጻፍ ባለመሆኑ በብዙ የምርመራ ክፍሎች ይዘለላል።